ጉልበቴ የዳነው ያን እሁድ አልነበረም

ጌታ ይባረክ፣ ቅዱሳን! ስሜ ምንተስኖት ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የአስቴር ታናሽ ወንድም ነኝ። ንግግር አልችልም። ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ጽፌ መጥቻለሁ፤ መሀል ላይ ዝም ካልኩ ታገሡኝ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው የቆምኩት። ግን መጀመሪያ የማስተካክለው ነገር አለ። እዚሁ መድረክ ላይ ከዚህ በፊት መስክሬ ነበር። ያ ምስክርነት ልክ አልነበረም።

በፊት ቤተ ክርስቲያን የምመጣው አስቴር ስለምትጨቀጭቀኝ ነበር። ልቤ ያለው አያት ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ኳስ ሜዳው ላይ ነበር። አንድ እሁድ ከአምልኮ ቀርቼ ወደ ሜዳው ሄድኩ። የማዕዘን ምት ተመታ፤ ዘልዬ ኳሱን በጭንቅላቴ ገጨሁ። ማንም አልነካኝም። ስወርድ ግን ጉልበቴን ሳላጥፍ በአንድ እግሬ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ቋ አለ። ማታውን ጉልበቴ እንደ ዳቦ ተነፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ጎደለ። በክራንች ተደግፌ መጣሁ፤ ጋሽ ማቴዎስ፣ ሽማግሌያችን፣ እዚህ ፊት ለፊት ጸለዩልኝ። «ጣለው!» አሉኝ፣ ጣልኩት። «ዝለል!» አሉኝ፣ ዘለልኩ። እናንተም እልል አላችሁ። ማይክ ተሰጠኝና «ተፈውሻለሁ» አልኩ። እውነት መስሎኝ ነበር፣ ወገኖቼ።

መዝሙሩ ቀጠለ። ከወጣቶቹ ጋር እየዘለልኩ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ወደ ጎን ሸርተት አለ። ወንበር ያዝኩና እንደሚጸልይ ሰው አቀረቀርኩ። ማንም አላወቀብኝም፤ ከአስቴር በቀር።

ቤት ስንገባ «ምንቴ፣ ሱሪህን ሰብስብ» አለችኝ።

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!»

«ደህና ከሆንክ ምን አስፈራህ?»

እንደገና ያበጠውን ጉልበቴን አየችው። አልጮኸችም። «ጌታ ያፍራል ብለህ ነው የምትሸፍንለት?» አለችኝ። «ያንተን ምስክርነት ሰምቶ ሐኪም ቤት መሄድ የሚተው ሰው ቢኖርስ? ስትድን ተመልሰህ እውነቱን ትናገራለህ።»

«እሺ» አልኳት።

ሐኪም ቤት ሄድን፤ ሐኪሙ የጉልበቴን የኤምአርአይ ፊልም አየና «የፊተኛው ጅማት ተበጥሷል» አለ። «እብጠት ሲጎድል ሰው የዳነ ይመስለዋል። ያለዚህ ጅማት ቀጥ ብለህ ልትራመድ ትችል ይሆናል፤ ዘለህ ስትወርድ ግን ይጥልሃል።» ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ክብር ለጌታ ይሁን፣ የሐኪሞቹን እጅ ባረከው! ከዚያ ጉርድ ሾላ ያለ ክሊኒክ ፊዚዮቴራፒ፣ እግር የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ጀመርኩ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሰብለ ትባላለች። መጀመሪያ ጭኔን ለካች፤ የታመመው ከስቶ ነበር። «ጉልበትህን የሚሸከመው ጭንህና ዳሌህ ነው፤ እነሱ ሳይጠነክሩ ዝላይ የለም» አለች። ወራት ሙሉ ቁጭ ብድግ፣ ደረጃ መውጣት፣ በአንድ እግር መቆም ብቻ። በኋላ ከዝቅተኛ ሳጥን ላይ አስወረደችኝ። ዷ! ብዬ ወረድኩ።

«ይሄ ምንድን ነው? የሲሚንቶ ከረጢት ነው እንዴ ከመኪና የወረደው?» አለች። «በእግርህ ጣት ጀምር፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ዳሌህን ወደ ኋላ። ጉልበትህ ወደ ውስጥ እንዳይገባ! ስትወርድ ድምፅ መስማት አልፈልግም።»

አስቴር አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ እንቅስቃሴዬን ትቆጥርልኛለች። «ይሄኛው አይቆጠርም፣ ጉልበትህ ገባ!» ትላለች። «አንቺ ከሰብለ ባስሽ» ስላት «እሷ በሳምንት ሁለቴ ነው የምታይህ፤ እኔ አለቅህም» ትለኛለች።

ወገኖቼ፣ አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ሁለት ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች። ለእሷም ስንት ጊዜ ጸልያችኋል። በራሷ እግር መሮጥ የማትችል ልጅ ናት ለእኔ እግር የምትቆጥረው። አንድ ቀንም ስታማርር አልሰማሁም።

ፊዚዮቴራፒ በጀመርኩ በአምስተኛው ወር በዚያው በልቧ ሕመም ወደ ጌታ ሄደች።

ይቅርታ። ትንሽ ልቁም።

ከቀብር በኋላ ሁሉንም ተውኩት። ሰብለ ስትደውል አላነሳም። ጭኔ እንደገና ሟሸሸ። ጋሽ ማቴዎስ ሊያጽናኑኝ ሲመጡ ጮኽኩባቸው። «ጉልበትን የሚያድን ጌታ ልብን ለምን ተወ? ይንገሩኝ!» አልኳቸው። እናቴ በእፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጋሽ ማቴዎስ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ «አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «አንድ የማውቀው ነገር አለ። ጌታ ዝለል አላለህም። ዝለል ያልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ሽማግሌ ሰው፣ በእናቴ ፊት፣ እኔን ትንሹን ይቅርታ ጠየቁ። ዛሬ እንድናገር የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው። ይቅርታቸው እኔ የማላውቀው ነገር ሆነብኝ። ተሳስቶ የማያውቅ የሃይማኖት ሰው ብቻ ነበር በሐሳቤ ያለው። እሳቸው ግን መልስ ሳይኖራቸው ጌታን ይወዱታል።

«አስቴር ምን ታደርግልህ ነበር?» አሉኝ።

«ትቆጥርልኝ ነበር።»

«ቁጥርማ እኔም አልረሳሁም።»

በማግሥቱ ጠዋት ከሰፈራቸው ከላምበረት በታክሲ መጡ። የአስቴር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቅዱሳን፣ እውነቱን ልናገር፤ ጋሽ ማቴዎስ መቁጠር አይችሉም! ስምንት ላይ ሲደርሱ «ሃሌሉያ!» ይሉና መልሰው ከአምስት ይጀምራሉ። «ጋሼ፣ አሥር አለፈ እኮ!» ስላቸው «ጌታ ይጨምርልህ» ይላሉ። በአስቴር ጊዜ ካደረግኩት ይልቅ ብዙ ሠራሁ። ስቄ አላውቅም ነበር ከቀብሩ ወዲህ፤ ሳቅኩ።

አንድ ጠዋት ደረጃ እየወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ ጸለይኩ። ጩኸት አልነበረም። «ኢየሱስ ሆይ፣ ኃጢአቴን ይቅር በል። ተቆጥቼብሃለሁ፤ ግን ካንተ ጋር መሆን እፈልጋለሁ» አልኩ። ጋሽ ማቴዎስ መቁጠር አቁመው አለቀሱ። ጌታ የዚያን ቀን ተቀበለኝ! ስሙ ይባረክ!

ወደ ሰብለም ተመለስኩ። ባለፈው ሳምንት መሬቱ ላይ ሜትር ዘረጋች። በደህናው እግሬ ዘልዬ፣ በዚያው በአንዱ እግር ወርጄ ቆምኩ፤ ምልክት አደረገች። ከዚያ በታመመው። በፊት ሁልጊዜ ፈርቼ ሁለተኛውን እግሬን ጣል አደርግ ነበር። ያን ቀን አላደረግኩም። ሳልነቃነቅ ቆምኩ። ሰብለ ጎንበስ ብላ ሜትሩን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየች። «እኩል ነው» አለች። «ድምፅም አልሰማሁም። ቤት ውስጥ ማን አሠራህ?»

«እህቴ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «እህቴ አስቴር ናት።»

እኮራባታለሁ፣ ወገኖቼ። ልቧ ደካማ ነው ይሉ ነበር፤ እኔ እንደ እሷ ብርቱ ሰው አላየሁም። በዚህች ቤተ ክርስቲያንም እኮራለሁ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሽማግሌ አላት።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ጉልበቴን ጌታ አድኖታል። ያን እሁድ ሳይሆን በአሥራ አንድ ወር፣ በሐኪም እጅ፣ በሰብለ ቁጣ፣ በእህቴ ትዕግሥት አዳነው። ይህ ከፈውስ ያንሳል የሚለኝ ካለ እግሬን መጥቶ ይይ።

ከእናንተ መካከል ሕመሙን የደበቀ፣ እምነት የለውም እንዳይባል ሐኪም ቤት ሳይሄድ የቀረ ካለ፣ እባካችሁ ነገ ሂዱ። ጌታን ያላወቃችሁም ኑ፣ እመኑት። ስለ አስቴር እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ቁጣዬን ይዤ ስመጣ ግን አላባረረኝም፤ እናንተንም አያባርራችሁም። ክብር ሁሉ ለእሱ ይሁን።