በሳሙና የታጠበው ጮጮ

ሱሉልታ መንገድ ዳር ወተት የምትሸጥ ልጅ አለች። ባለፈው የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እዚያ ሲቆም የዕቃዋን ክዳን ከፈተችና የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ፊቴን አዞርኩ። ይህን ነገር ማውራት አልወድም፤ ግን አክስቴ ሰሞኑን የምትለውን ስሰማ ዝም ማለቱም አስጠላኝ።

ያኔ እዚያው ሱሉልታ ነበርን። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። አጥር የምንጋራቸው አንዲት ኦሮሞ እናት ነበሩ፤ አደ እንላቸዋለን። ላማቸው ስትወልድ ጮጮ በሚሉት፣ በወይራ በታጠነ የወተት ዕቃ ሞልተው ይልኩልን ነበር። ጮጮ ባዶውን አይመለስም። ሌላ ባይኖር እንኳ እናቴ እርጥብ ሣር ጣል ታደርግበታለች፤ ላሟም እንድትጠግብ፣ ቤቱም እንዳይጎድል። የወተቱ ጭስ ጭስ ማለት እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

እናቴ ስትሞት አክስቴ ልታሳድገን መጣች። ሰው በዘር መተያየት የጀመረበት ጊዜ ነበር። የማኅበር ሴቶች ቤታችን ተሰብስበው አንዷ፣ «እናንተ አሁንም የእነሱን ወተት ትጠጣላችሁ?» አለች።

«ለምዶባቸው ነው። ነገማ ኦሮሞ ነን ይላሉ» አለች ሌላዋ።

ሁሉም ሳቁ። አክስቴ ግን አፈረች። እንደወጡ ጮጮውን አንስታ ሰጠችኝ።

«በሳሙና እጠቢው። ባዶውን ሰጥተሻቸው ነይ።»

«ሣሩስ?»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

አጠብኩትና ወስጄ ለአደ ሰጠኋቸው። አክስቴ አጥሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። አደ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ከደጃቸው ሣር ነጩ፣ ጮጮው ውስጥ ከተቱና መልሰው ዘረጉልኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ረስተሽ ነው። እንኪ፣ አሁን ስጪኝ።»

እጄን አልዘረጋሁም።

«ነይ እንጂ» አለች አክስቴ ከኋላዬ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ወተት አልመጣም።

ቤታችን ተሰብስበው የሳቁት ሴቶች አንዳቸውም ያን ዕለት እዚያ ደጅ አልቆሙም። የቆምኩት እኔ ነኝ። አሁን አክስቴ አርጅታ፣ አልጋ ላይ ሆና ለጠያቂው ሁሉ፣ «እኛ እኮ ከኦሮሞዎቹ ጋር በአንድ ጮጮ ጠጥተን ነው የኖርነው» ትላለች። ሰውም ይመርቃታል።

ትናንት ሱሉልታ ሄጄ ከልጅቷ ወተት ገዛሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ።

«ዕቃውን መቼ ልመልስልሽ?» አልኳት።

«አይ እማማ፣ ይጣሉት» አለችኝ።