ቆመን የጀመርነው ንባብ

ካዛንቺስ ሳለን ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሁሉ ቆሜ አነብ ነበር። የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋ መታወቂያ፣ አስጠኚ የሚፈልግ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አዲስ ነገር አየሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የመጽሐፍ ንባብ አለ፤ አንድ ደራሲ ይመጣል፤ ከእሱ በፊት አንዲት የሰፈራችን ወጣት የጻፈችውን ታነባለች ይላል።

ወጣቷ ልጄ ነበረች።

ልጄ ሰው ፊት ድምጿ ይጠፋል። ባለፈው ጊዜ እኔ በሌለሁበት እዚያው አዳራሽ ልታነብ ተነሥታ፣ አንድ መስመር እንኳ ሳትጨርስ ተቀምጣለች። እቤት ገብታ እህል አልቀመሰችም። አሁንም ስጠይቃት፣ “አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክር ብዬ ነው። ካልሆነልኝ በቃ፣ ሁለተኛ አልጽፍም” አለችኝ።

እኔ የማውቀው ንባብ የቤተ ክርስቲያኑን ነው። ስለዚህ ነገሩ ገረመኝ።

“ምንድን ነው የምታነቢው?”

“ልብ ወለድ ነው። ለገሃር ስላለች አንዲት ሴትዮ።”

“አውቃታለሁ?”

“የለችም እኮ እማዬ። ማለቴ፣ ከራሴ ነው ያመጣኋት።”

“ታዲያ የሌለችን ሴት ወሬ ሰው ምን ብሎ ይሰማል?”

“መጥተሽ ሲሰሙ እያቸዋ!”

ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ የተደረደሩት አግዳሚዎች የእድራችን ነበሩ፤ ከልቅሶ ቤት በቀር ተቀምጬባቸው አላውቅም። ሱቋን ዘግታ አብራኝ የመጣችው ሙስሊሟ ጎረቤቴ እጄን ይዛ ፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ። እንግዳው ደራሲ፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ፣ ከእኛ ወዲያ ተቀምጠዋል።

ልጄ ወደ ፊት ወጣች። ሰላምታ ስትሰጥ የመጨረሻው ቃል አልተሰማም። ከንፈሯ ደረቀ። በሆዴ እመቤቴን ጠራሁ። ከዚያ “አነባለሁ” ብላ ወረቀቱን ገለጠች።

እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ብድግ አልኩ።

አስቤበት አይደለም። እኛ ዘንድ ወንጌል ሲነበብ ይቆማል፤ እግሬ የለመደው ያንን ነው።

ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። “ይቆማል እንዴ?” አለችና መልሴን ሳትጠብቅ እሷም ተነሣች። ከኋላችን ያሉት ስለከለልናቸው ተነሡ። ከእነሱ ኋላ ያሉትም እንዲሁ። እንግዳው ሽማግሌ ግራ ቀኝ አይተው ካፖርታቸውን ቆለፉና ቆሙ።

“ምንድን ነው፣ ባንዲራ እየተሰቀለ ነው?” አለ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊቴ ጋለ። ልቀመጥ ብል፣ በእኔ ምክንያት የቆመውን ሕዝብ ትቼ እንዴት ልቀመጥ? ልጄን አየኋት። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ትስቃለች።

“እናቴ ናት” አለች ለሕዝቡ። “ንባብ ሲባል ወንጌል መስሏት ነው። እማዬ፣ ቁጭ በይ፤ ይሄ ተቀምጠው የሚሰሙት ነው።”

ድምጿ ጓዳ ሆና የምትጠራኝ ድምፅ ነበር። ሁላችንም ተቀመጥን፤ እሷም በዚያው ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

ሴትዮዋ ለባቡር ተሳፋሪ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላም ጠዋት ጠዋት ቆሎዋን ይዛ ጣቢያው በር ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ የልጄን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው፣ ይቆረጣል እያልኩ። በኋላ ግን እሷን ረስቼ ሴትዮዋን መከተል ያዝኩ። ልጄ እዚያ ላይ ንባቧን አበቃች። ሰው አጨበጨበ። እኔ ተመስገን አልኩ።

ተራቸው ሲደርስ ደራሲው በፊቴ ሲያልፉ ጎንበስ አሉ። “ለእኔስ አይነሡልኝም?”

“አይ፣ አሁን ተምሬያለሁ” አልኳቸው። ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሲያልቅ እኔና ልጄ በእግር ወደ ቤት ሄድን። በራችን ላይ ስንደርስ አላስችል አለኝ።

“ያቺ ሴትዮ፣ ባቡሩ እንደማይመጣ እያወቀች ለምንድን ነው የምትሄደው?”

“የለችም ብዬሽ አልነበር?”

“ብለሽኛል። ግን ለምን ትሄዳለች?”

“እሱን እኔም አላወቅኩትም። ገና ልጽፈው ነው።”

“ልጽፈው ነው” ማለቷን ሰምቼ በነጠላዬ ውስጥ አማተብኩ።