የኒቬስ ምሳና የአምብራ ወንበር

ኒቬስ ጋርዲኒ መኪና መንዳት አትችልም። ግን በጣሊያን፣ በኢሞላ ከተማ አቅራቢያ ያለው የወንድሟ የኦሊቪዬሮ የእሽቅድምድም ቡድን ያለ እሷ አንድ ቀን ውሎ አያውቅም። ኦሊቪዬሮ እነዚያን ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ የቀረ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ መኪኖች በአባታቸው የወይን መጥመቂያ ቤት መገጣጠም ሲጀምር እሷ ከላይ ፎቅ ላይ ምሳ ትሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሐንዲስ ሄደ፣ ነጂ መጣ፤ ሞተሩም ቀለሙም ተለወጠ። ምሳው ግን ንቅንቅ አላለም። አለቃ፣ ነጂ፣ መካኒክ ሳይባል ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል። ለሆዱ የሚሰስት ነጂ ነዳጅ ለመስጠትም ይሰስታል ይላሉ። እኔ የቡድኑ በያጅ ነኝ፤ ወሬው ውሸት መሆኑን ባውቅም ከዚያ ገበታ ስለበላሁ አምኜዋለሁ።

በዚያ ዓመት ቡድኑ የመዘጋት አፋፍ ላይ ደረሰ። ኦሊቪዬሮ፣ "ሙጄሎ ውድድር ላይ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ካልገባን በሩን ቆልፌ ዓሣ ላጠምድ ነው" አለ። እሱ እንዲህ ካለ አለ ነው። የኒቬስ ፊት አመድ መሰለ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ያ ገበታ ነበር።

አዲሷ ነጂ አምብራ ሸንቃጣ ልጅ ናት። የመኪናው ወንበር በልኳ በሚሠራበት ቀን ኒቬስ "ብይ እንጂ፣ ነፋስ ይወስድሻል" እያለች ካፔሌቲ የሚባለውን ሙሌት ፓስታ በሳህን በሳህን ደረደረችላት። ልጅቷ ከገበታው ተነስታ በቀጥታ የገላዋን ቅርጽ ይዞ የሚደርቀው ፈሳሽ አረፋ ላይ ተቀመጠች። አረፋው ደረቀ፣ ወንበሩም ልኳን ያዘ። የጥጋቧን ልክ ማለቴ ነው።

ሙጄሎ ላይ ፍርሃት ሆዷን ዘጋውና ምንም ሳትቀምስ ለልምምድ ወጣች። በየመታጠፊያው ወንበሩ ውስጥ ስትንገላታ ጎኗ በለዘ፣ ደጋግማም ከመንገድ ወጣች።

"ወንበሩ ሰፋኝ" አለች ስትመለስ።

"በልክሽ ነው እኮ የሠራነው! ምሳ በልተን ወዲያው..." ኦሊቪዬሮ ሳይጨርስ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አለች ኒቬስ። "በባዶ ሆዷ እንዳትለኳት ከልክያችኋለሁ?"

"ጨርቅ እንጠቅጥቅበት?" አልኩ እኔ።

"እሳት ቢነሳስ፣ አንተ ደንቆሮ?" አለኝ ኦሊቪዬሮ።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ኒቬስ ከቅርጫቷ አይብ የተጠቀለለበት ፒያዲና ቂጣ አወጣች። "አፍሽን ክፈቺ።"

"አክስቴ፣ ያስመልሰኛል" አለች አምብራ፤ ነጂዎቹ ሁሉ አክስቴ ነው የሚሏት።

"ከጨረስሽ በኋላ አስመልሺ።"

መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠች አጎረሰቻት። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ኒቬስ ደግሞ መጣላት አልፈለገችም። ከጎናችን ካለው ቡድን አንዱ፣ "ለገና ነው የምታደልቧት?" ሲል ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። እፍረት ገደለኝ።

አምብራ አምስተኛ ሆና ጨረሰች። ኦሊቪዬሮ ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ትንፍሽ ሳይል መኪናውን ጭኖ ወደ ቤት ነዳ። ኒቬስ ያን ዝምታ ፈራችው። ዓሣውን እያሰበ ነው ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች።

ሰኞ ጠዋት እኔና ኒቬስ ስንገባ አምብራ አዲስ አረፋ ላይ ተቀምጣለች፤ ኦሊቪዬሮ ትከሻዋን ይዞ ቆሟል።

"አክስቴ፣ ራበኝ" አለች ልጅቷ።

"እስኪደርቅ ምግብ የለም" አለ ኦሊቪዬሮ። "ይህ ወንበር ለከርሞም ነው የሚያገለግለን።"

ኒቬስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ከዚያ ተነስታ፣ ለምሳው ውሃ ልትጥድ ወደ ላይ ወጣች።