ዳንቴል የለበሰው ፕሪንተር

በኮሮናው የሰዓት እላፊ ጊዜ፣ ኩዌት፣ ፊንጣስ በምሠራበት ቤት ዳንቴል ሠርቼ ያላለበስኩት ዕቃ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ ያለውን አዲሱን ፕሪንተርማ እስከ ጠረጴዛው እግር በሚወርድ ነጭ ዳንቴል ሙሽራ አስመሰልኩት።

አንድ ጠዋት ማዳም የልጇን የፈተና ወረቀት ልታትም ስስ ላፕቶፗን ይዛ ሳሎን ተቀመጠች። ላፕቶፑ የፕሪንተር ገመድ መሰኪያ እንኳ የለውም፤ በዋይፋይ ነው የሚያትመው። "አትም" የሚለውን ትጫናለች፣ ኮሪደር ድረስ መጥታ ታያለች፤ ወረቀት የለም። "ፈተናው ሊጀመር ነው!" እያለች ተመልሳ ትጫናለች። ፕሪንተሩ ያጉረመርማል። እኔ በልቤ፣ "ቢበላሽም አምሮበታል" እያልኩ እኮራለሁ።

በመጨረሻ ተናዳ ዳንቴሉን ገለጠችው። የታተመው ወረቀት ሁሉ ከሥሩ ተከምሯል! ስድብ ስጠብቅ፣ ዳንቴሉን እንደ መጋረጃ ከፊት ሰብስባ አሰረችና፣ "ለላፕቶፑስ መቼ ነው የምትሠሪለት?" አለችኝ።