በቀለበት ጣት የተያዘች መስመር

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ፤ ወጣት፣ ችኩል፣ ትንሽም ጉረኛ። የቀበሌው ኪነት ቡድን ስለ ረሃቡ ቲያትር እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ ድርሰቱን በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። ተዋንያኑን የማስጠናው በራሴ ዘዴ ነበር፦ መስመሩን ሦስት ጊዜ ገልብጡ፣ በእጃችሁ ሸፍናችሁ በሉት፣ ከዚያ እየተራመዳችሁ ድገሙት። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለት እወድ ነበር።

በድርሰቱ ያለችውን እናት ሆና የምትጫወት ሴት ግን ጠፋች። መድረክ መውጣት የአዝማሪ ሥራ ነው እያሉ ሁሉም እምቢ አሉ። በመጨረሻ እሺ ያሉኝ ትምህርት ቤቱን የሚጠርጉት ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸው ነበር። በረሃቡ ጊዜ ከአቀስታ በኩል ብቻቸውን መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ስለ ቤተሰባቸው ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ያኔ ብቻውን የመጣ ሰው አይጠየቅም ነበር።

ፊደል አልቆጠሩም። አምስት መስመር ነው ያላቸው፤ በየቀኑ ከክፍል በኋላ ሳነብላቸው መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ይሰማሉ። ከዚያ የግራ እጃቸውን ጣቶች ከአውራ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ እየያዙ ይደግሙታል። በሦስተኛው ቀን አንድም ቃል አልሳቱም። ሦስቴ የገለበጡት ሌሎቹ ተዋንያን፣ የቢሮ ጸሐፊዎቹ፣ ገና ይንተባተቡ ነበር። ዘዴዬ መና ስለቀረ ትንሽ ቅር አለኝ።

ቲያትሩ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀር የቀበሌው ካድሬ ልምምዱን አየና አራተኛዋን መስመር አልወደዳትም። እናቲቱ ባላባቱን «ጌታዬ፣ ለልጄ አንድ እፍኝ ይስጡኝ» የምትልባት ናት። «ጭቁን ሕዝብ ይታገላል እንጂ አይለምንም» አለኝ። አልተከራከርኩም። እንዲያውም እውነቱን ነው ብዬ በቀይ እርሳስ ሰረዝኳት። እትዬንም ጠርቼ ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው እንዲያልፉ ነገርኳቸው። ጣታቸውን እያዩ ወጡ።

የገበያ ቀን ነበር፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ሳይቀር ያያል። እኔ ከአቡጀዲው መጋረጃ ጀርባ ወረቀቴን ይዤ ቆሜያለሁ። እትዬ ሦስቱን መስመር አሉ። ከዚያ የቀለበት ጣታቸውን እንደያዙ ቀሩ። አምስተኛውን በሹክሹክታ አቀበልኳቸው፤ ደገምኩላቸው። «ይለፏት፣ እትዬ» አልኩ፣ ፊት ወንበር ላይ ያለው ካድሬ እስኪሰማ ድረስ። አላለፏትም። የተሰረዘችውን መስመር ቀስ ብለው አሏት። ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎችም ተከተሏት።

ሲያልቅ ተቆጣኋቸው። «ምን ነበር የነገርኩዎ?»

«መምህር፣ እኔ ወረቀት የለኝ» አሉ። «አምስቱን ቃል ባምስቱ ልጆቼ ነው የያዝኩት፣ በየተራቸው። ለአራተኛዋ ስንት ቤት ለምኛለሁ። አንድ እፍኝ አጥታ ነው የሞተችብኝ። ወላሂ፣ እንዴት አርጌ ልለፋት?»

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። አፍሬ ነበር፤ ሳፍር ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። በማግስቱ ካድሬው ቦታቸውን ለሌላ ስጥ አለኝ፣ ሰጠሁ። እሳቸውም ወደ መጥረጊያቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሲያዩኝ ሰላምታ ይሰጡኝ ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያመኝ።

ድርሰቱ የት እንደገባ ዛሬ አላውቅም። የጻፍኳቸውን ሌሎች መስመሮች ረስቻቸዋለሁ። የሰረዝኳት ግን ከአፋቸው እንደወጣች አለች። የልጅቷን ስም አልጠየቅኳቸውም።