ቀፎ የሚሰቀልበት ዋንዛ

ለልጄ የማጥኛ ጠረጴዛ ላሠራ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ዳር ካለ አናጺ ቤት ስገባ፣ አዲስ የተሰነጠቀ የዋንዛ ሽታ ተቀበለኝና የአባቴ ዋንዛ ትዝ አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሚዛን ቤት ተከራይቼ ልማር የተባለ ጊዜ ነው። አባቴ ጓሯችን ያለውን ትልቁን ዋንዛ ለጣውላ ሰንጣቂዎች ሸጠው። የንብ ቀፎዎቹን የሚሰቅለው እሱ ላይ ነበር። ዛፉ ሲወድቅ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ ንቦቹም ማረፊያ አጥተው በላያችን ይዞሩ ጀመር።

አባቴ ግንዱ ላይ ተቀመጠና፣ “ሕፃን ሳለሽ የእናትሽ ጡት በቃሽ። ከፍ ስትዪ ጎደሬ አጠገበሽ። አሁን ደግሞ ዛፍ መብላት ጀመርሽ” ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አለቀስኩ። “አባ፣ ይቅር፤ አልማርም” አልኩት።

ሳቁን አቆመ። “ቆሞ ሳለ ብትዪኝ እሰማሽ ነበር፤ አሁንማ ወድቋል። ሂጂና ተማሪ።”

ሚዛን ከገባሁ በኋላ እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር፣ “አባትሽ ነው የላከልሽ” እያለች ማር ታመጣልኝ ነበር። አባቴ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀፎ እንዳልሰቀለ፣ ማሩንም ከገበያ እየገዛ ይልክልኝ እንደነበር የነገረችኝ አምና፣ ከቀብሩ ስንመለስ ነው።