አለቃ አፉን የከፈተ ዕለት

ይህን ለመጻፍ በመድፈሬ ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። እስከ ዛሬ ከራሴ ስምና ልብስ ላይ ከምለጥፈው የደንበኛ ስም ሌላ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ የማውቀው ልብስ መተኮስ ነው። ግን ከጎኔ የሚሠራውን የልብስ ሰፊውን ነገር ሰው ሁሉ እየጨመረበት ሲያወራው ሰማሁና፣ እሱና ሚስቱ በነገሩኝ ልክ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ተጣሞ ብታገኙት ጠርዙን ቀና አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

ልብስ ሰፊው በዕድሜው ሙሉ ማንንም ተቆጥቶ አያውቅም። ጨርቅ ሲቆርጥ እንኳ ቀስ ብሎ ነው፣ ያመዋል ብሎ የሚፈራ ነው የሚመስለው። «እጅጌው ጠበበኝ» ያለው ደንበኛ ራሱ ወፍሮ እንደመጣ በዓይኑ እያየ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። መርፌ ስትወጋው መርፌዋን ይቅርታ ይላታል ብለው ያሙታል። ይሄ ግነት ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ያላት።

በዚህ ጠባዩ የተነሳ ተቆጥቶ የገባ ሁሉ ተለሳልሶ ይወጣል። ሥራውም የሚጓተተው ለዚሁ ነው፤ የሚጮህበት የለማ!

አንዲት ልጅ አለችው። ሌላው ሰው ድመት ያሳድጋል፣ እሷ ግን እስስት ታሳድጋለች። ቤታቸው ፀሐይ ስለማይገባው እስስቱን ከሚወጣበት ቅርንጫፍና ከሳጥኑ ጋር አምጥታ ሱቁ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ስሙንም «አለቃ» አሉት። እውነትም አለቃ ነው። ሲራመድ አይቸኩልም፣ ማንንም ሰላም አይልም፣ አንድ ዓይኑን የልብስ መኪናው ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ ተክሎ ይውላል። ቅር ሲለው ይጠቁራል።

ልጅቷ ለሥራ ሥልጠና ሌላ ከተማ ስትሄድ አባቷን በር ላይ አቁማ፣ «አባዬ፣ አለቃን አደራ» አለችው። «ፈራሁ እኮ። አንተ እምቢ ላለህ መልስ የለህም።»

«ምነው ልጄ! ደህና አድርጌ ነው የማቆይልሽ» አላት።

ሄደች። ብዙም ሳይቆይ አለቃ መብላት ተወ። የፊት እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ከቅርንጫፉ ዱብ አለ። ልብስ ሰፊው በአዝራር ሳጥን ውስጥ ጥጥ አንጥፎ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጠ።

«አጥንቱ ሳስቷል» አለችው ሐኪሟ አገላብጣ አይታ። «ይሄ ፈሳሽ ካልሲየም ነው። በየጠዋቱ አንድ ጠብታ አፉ ውስጥ። ግን አደራ፣ በግድ እከፍታለሁ እንዳይሉ! መንጋጋው የክብሪት እንጨት ማለት ነው፣ ይሰበራል። እሱ ራሱ ሲከፍት ጠብ ያድርጉበት።»

«መቼ ነው የሚከፍተው?»

«ሲበላ። ወይ ደግሞ ሲናደድ።»

«ካልከፈተስ?»

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። «ልጅዎ ስትመለስ አታገኘውም» አለችው።

ልብስ ሰፊው የመድኃኒቱን ማንጠብጠቢያ ይዞ ቅርንጫፉ ፊት ተንበረከከ። «አፈር ስሆን ክፈት» አለው። «በሞቴ፣ አንዲት ጠብታ!» አለቃ አንድ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አዞረ። አፍንጫው ላይ ጠብ ቢያደርግለት በቅርንጫፉ ጠረገው። ቅጠል ላይ ቢያደርግለት ፊቱን አዙሮ በቅርንጫፉ ጀርባ በኩል ወረደ።

ልብስ ሰፊ ሲጨንቀው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ሜትሩን አወጣና የአለቃን ልክ ወሰደ። «እየሸሸ ነው ያስቸገረኝ፣ ሳይጨመቅ የሚይዘው ነገር ልስፋለት» አለ። ከአረንጓዴ የገበር ጨርቅ ባለአራት እጅጌ ካፖርት ሰፋ፤ አንገቱ ዙሪያ ቅምቅማት አደረገበት።

ሚስቱ አዝራር እየተከለች ታየዋለች። «የማዶዋን የባለዳቦ ቤቷን ሴትዮ ቀሚስ ጊዜ የለኝም ብለህ ለእስስት ካፖርት? ኪስስ የለውም እንዴ?»

አለቃ ካፖርቱን ለበሰ። እጥፋት የለው፣ መጨማደድ የለው፣ ልክክ አለበት። ለማንም ደንበኛ እንዲህ ልክክ ያለ ልብስ ወጥቶለት አያውቅም። ከመመቸቱ የተነሳ አለቃ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ እንቅልፉን ለጠጠ።

«አሞቅከው እኮ!» አለች ሚስቱ። «ሲናደድ ነው ያለችህ፣ ሐኪሟ። አናድደዋ! ስደበው!»

ካፖርቱን አወለቀለትና ፊት ለፊቱ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንተ... ምላስህ ረዥም!» ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ከልቤ አይደለም።»

ሚስቱ አዝራሩን ጥላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። የአለቃ እግር ቅርንጫፉን ጨብጦ መቆየት አቅቶት ሲንሸራተት አይቷል። ያን ቀን ልጅቷ ደውላ፣ «አለቃ ደህና ነው አባዬ?» ስትለው፣ «ደህና ነው» ብሎ ስልኩን ለሚስቱ አቀበለ። ድምፁ እንዳያሳብቅበት ነው።

በማግስቱ የባለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከነቀይ ሽርጧ መንገዱን ተሻግራ መጣች። የእህቷ ልጅ ሠርግ ደርሷል፣ ቀሚሷ አልደረሰም።

«ቀሚሴ የታለ?» ብላ ስትገባ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። «ነገ፣ ነገ፣ ነገ! አሁንስ እስስቱ አንተ ነህ፣ በየቀኑ የምትቀያየር!»

እጇን ስታወናጭፍ ሽርጧ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ይሄኔ አለቃ ጠቆረ። ተነፋ። አፉን ቧ አድርጎ ከፈተ!

ልብስ ሰፊው አየው። የራሱ አፍ ግን የለመደውን አወጣ፦ «ይቅርታ እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሴትዮዋ በረድ አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንግዲህ አንተን ምን ይሉሃል! እሺ፣ ነገ ይሁን።» አለቃም አፉን እንደ ቦርሳ ዚፕ ዘጋ።

ልብስ ሰፊው የሚንቀጠቀጠውን የአለቃን እግር አየ። ማንጠብጠቢያውን አነሳ።

«ነገም አይደርስም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አልጀመርኩትም። ጨርቁንም የት እንደጣልኩት አላውቅም።» ጨርቁ ክርኑ ስር ነው ያለው። ሚስቱ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ «ጣልኩት?» እያለች መጣችበት። አለቃ አፉን ከፈተ፣ ልብስ ሰፊው ጠብ አደረገ፣ ስለቸኮለ ግን ጠብታው የአለቃ አገጭ ላይ አረፈ።

ሴትዮዋ ይህን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምንድነው የምትሠራው አንተ ሰውዬ?» አለች፣ ግራ ተጋብታ። የአለቃ አፍ ቀስ እያለ ሊገጠም ነው።

«እትዬ፣ አይብረዱብኝ! ትንሽ ይጩሁልኝ!»

«አመመህ እንዴ?» ይባስ ብላ አዘነችለት።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነና የመጨረሻውን አወጣው። «ዳቦዎትም» አለ፣ «ጨው ያንሰዋል!»

ቀጥሎ የመጣውን ጩኸት እኔ ራሴ ግድግዳ ለግድግዳ ሆኜ ሰምቼ ካውያዬን ለቅቄዋለሁ። «የኔን ዳቦ? የኔን?» ሽርጧ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ፣ አለቃ እስከ ጉሮሮው ተከፈተ፣ ልብስ ሰፊው ጠብ! ገባ። አለቃ አፉን ገጠመ፣ ዋጠ፣ አንድ ዓይኑን ወደ ልብስ ሰፊው አዞረ።

«ዋጠው!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ዕንባው እየመጣ። «ጨው አያንሰውም እትዬ። እግዜር ያውቃል፣ አያንሰውም። የልጄ አደራ ሆኖብኝ ነው።» ነገሩን እየተንተባተበ ዘረገፈላት።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እስስቱን አየችው። «ይቺን ለምታህል ፍጥረት ነው ዳቦዬን የሰደብከው?» አለች። ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ቀሚሴ አልቆ ካልጠበቀኝ፣ ያኔ ነው ቁጣ የምታየው!»

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሱቁን በጊዜ ከፈተ። ቀሚሱ አልቆ፣ ተተኩሶ፣ መስቀያው ላይ ተሰቅሏል፤ የተኮስኩት እኔ ነኝ። አለቃ ቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ጠብታውን እምቢ ለማለት አፉን ገጥሞ ተዘጋጅቷል። ልብስ ሰፊው በመስኮት ሲያይ ሴትዮዋ መንገዱን እየተሻገረች ነው። ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። ደግሞ ፈገግ ብላለች!

ልብስ ሰፊው ክው አለ። መቀሱን አንስቶ የቀሚሱን የአንዱን እጅጌ ጠርዝ ፈጠን ብሎ ተረተረው። ማንጠብጠቢያውን ሞላ። ከዚያ ይቅርታ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ግጥም አድርጎ በሩን ከፈተላት።